እንቅልፍ፣ ህልምና ዱካክ
(ለጀመዓችን ከቀረበ ንግግር)

ምስጋና ሁሉ ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላምም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይሁን።

 

ዛሬ የማነሣላችሁ ጉዳይ ለማንም እንግዳ አይደለም። ሁላችንም እንተኛለን፤ ሁላችንም እናልማለን፤ ሁላችንም አልፎ አልፎ ሌሊቱ ይረዝምብናል። ከዕድሜያችን ሲሶ ያህሉ የሚያልፈው በእንቅልፍ ነው። ስድሳ ዓመት የኖረ ሰው ሃያ ዓመት ገደማ ተኝቷል ማለት ነው። ይሁን እንጂ ስለ እንቅልፍ የምንነጋገረው ህልም ሲያስፈራን፣ ዱካክ ሲጫነን ወይም ልጃችን ሌሊት ሲቃዥ ብቻ ነው። በዚያን ሰዓት ደግሞ ፍርሃት ስለሚይዘን ያገኘነውን ሁሉ እንጠይቃለን፤ የተነገረንን ሁሉ እንቀበላለን። ከዚህም የተነሣ ባልና ሚስት ይኳረፋሉ፤ ጎረቤት ያለ ጥፋቱ ይጠረጠራል፤ ጤና ጣቢያ መድረስ የነበረበት በሽተኛም ቤት ውስጥ ይውላል።

ስለዚህ የንግግሬ ፍሬ ነገር አንድ ነው። ሌሊት የሚገጥመን ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ከአላህ የሆነ ብሥራት አለ፤ ከሸይጧን የሆነ ማስፈራራት አለ፤ ከገዛ ሐሳባችንና ከገዛ አካላችን የሚመጣም አለ። ሦስቱን ለይተን ለእያንዳንዱ የሚገባውን መልስ ከሰጠን ከብዙ ጉዳት እንድናለን።

እንቅልፍ ምንድን ነው?

ቁርኣን እንቅልፍን ከአላህ ምልክቶች አንዱ አድርጎ ይጠቅሰዋል፤ ለሰው ልጅ ማረፊያ መሆኑንም ይነግረናል። ስለዚህ በልኩ መተኛት ስንፍና ሳይሆን ኒዕማን መቀበል ነው።

ድሮ ሐኪሞች የተኛ ሰው አንጎል ሥራውን የሚያቆም ይመስላቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ግን በአሜሪካ አገር በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን የተባሉ ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስታወቁ። ሰው ተኝቶ ሳለ ዓይኖቹ ከቆባቸው ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀሱበት ጊዜ አለ፤ በዚያ ሰዓት የተቀሰቀሰ ሰውም አብዛኛውን ጊዜ ህልም ላይ እንደነበረ ይናገራል። እንቅልፍ በዙር እንደሚሄድ ዛሬ ታውቋል። አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ በቀላል እንቅልፍ ይጀምራል፣ ወደ ከባድ ይገባል፣ በህልም እንቅልፍ ይደመደማል። ወደ ንጋት ሲቃረብ የህልሙ ጊዜ ይረዝማል። ለሱብሒ ስንነሣ ህልማችን ትዝ የሚለን በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም ጥበብ አለ። በህልም እንቅልፍ ጊዜ ከመተንፈሻና ከዓይን ጡንቻዎች በስተቀር የሰውነታችን ጡንቻዎች ይዝላሉ። እንዲህ ባይሆን ኖሮ በህልሙ የሚሮጥ ሰው ከመኝታው ተነሥቶ በሮጠ ነበር። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ወደ ዱካክ ስንደርስ ትጠቅመናለች።

ለጤንነት የሚበቃው እንቅልፍ ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 7 ሰዓት ነው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ያለ ልጅ ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ጎረምሳና ኮረዳም ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያስፈልጋቸዋል። ከኢሻ በኋላ በ3 ሰዓት የተኛ ሰው ለሱብሒ በ11 ሰዓት ቢነሣ 8 ሰዓት ሞልቶለታል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ከኢሻ በፊት መተኛትን፣ ከኢሻ በኋላም ያለ ጉዳይ በወሬ ማምሸትን የማይወዱት ለሶላትም ለአካልም የሚበጅ ሥርዓት ስለሆነ ነው።

ህልም ሦስት ዓይነት ነው

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ህልም ሦስት ዓይነት መሆኑን አስተምረዋል። አንደኛው ከአላህ የሆነ መልካም ህልም ነው። ይህን ያየ ሰው አላህን ያመሰግናል፤ ለሚወደውና አስተዋይ ለሆነ ሰው ብቻ ይነግራል። በአገራችንም «ህልም እንደ ፈቺው ነው» ይባላል። ፈቺው ምቀኛ ወይም አላዋቂ ከሆነ መልካሙንም ያበላሸዋልና ለማን እንደምንነግር መምረጥ አለብን።

ሁለተኛው ሸይጧን ሊያሳዝነንና ሊያስፈራራን የሚያመጣው ነው። መድኃኒቱም ተነግሮናል። በአላህ መጠበቅ፣ ወደ ግራ ሦስት ጊዜ እፍ ብሎ ቀለል አድርጎ መትፋት፣ ጎንን መቀየር፣ ከተቻለም ተነሥቶ መስገድ ነው። ከሁሉ በላይ ለማንም አለመንገር ነው። እንዲህ ያደረገ ሰው ያ ህልም እንደማይጎዳው ተነግሮናል። ወላጆቻችን ክፉ ህልም ሲሰሙ «ህልም እልም» ብለው የሚያልፉት ወሬውን ላለማራባት ነው።

ሦስተኛው ነፍስ ከራስዋ ጋር የምትነጋገረው ነው። ቀን ሩዝ ሲያርም የዋለ ገበሬ ሌሊቱን ሲያርም ያድራል። ሽንኩርት የጫነ ነጋዴ በህልሙ ዋጋ ሲከራከር ያነጋል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ባጥለቀለቁ ጊዜ ቤቱን ውኃ የወሰደበት ሰው ከዚያ በኋላ ዝናብ በጣለ ቁጥር ጎርፍ ቢያልም የሚያስደንቅ አይደለም። ጦርነት ያየም እንዲሁ የተኩስ ድምፅ እየሰማ ይባንናል። ይህ የሚመጣ ነገር ምልክት ሳይሆን ያለፈ ነገር ጠባሳ ነው። ለዚህ ሰው የሚያስፈልገው ህልም ፈቺ አይደለም፤ ችግሩን ሰምቶ የሚያጽናናው ወንድም፣ ለወራት ካልተወውም የአእምሮ ጤና ባለሙያ ነው።

መልካም ህልም ምን ያደርጋል? ከነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ታሪክ እንማር። የግብፅ ንጉሥ ሰባት የሰቡ ላሞችን ሰባት የከሱ ሲበሏቸው፣ ሰባት ለምለምና ሌሎች ደረቅ ዛላዎችንም አየ። ዩሱፍ ህልሙን ሲፈቱ «ማን መተት አደረገብህ?» አላሉትም፤ ጠላት እንዲፈልግም አልላኩትም። ተግታችሁ ዝሩ፣ ከምትበሉት በቀር ያጨዳችሁትን በዛላው ተዉት የሚል የሥራ ምክር ሰጡ። እህል በዛላው ሲቀመጥ ነቀዝ ቶሎ እንደማያገኘው እናንተ ገበሬዎች ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ። እውነተኛ ህልም በሥራና በጥንቃቄ እንጂ በጥርጣሬና በጥል እንደማይደመደም ከዚህ እንረዳለን።

ሌላው ምሳሌ በየቀኑ አምስት ጊዜ የምንሰማው አዛን ነው። ሙስሊሞች መዲና ከደረሱ በኋላ ሰውን ወደ ሶላት በምን እንጥራ እያሉ ሲመካከሩ ዓብዱላህ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ.) የአዛኑን ቃላት በህልማቸው ሰሙ። ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነግሯቸው እውነተኛ ህልም መሆኑን አረጋገጡላቸው፤ ድምፃቸው ያማረ ስለሆነም ለሐበሻው ቢላል (ረ.ዐ.) እንዲያስተምሯቸው አዘዙ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። ያ ህልም ሥርዓት የሆነው ነቢዩ ስላጸደቁት ነው። ዛሬ ወሕይ ተቋርጧል። ስለዚህ የማንም ህልም ሐራሙን ሐላል፣ ሐላሉን ሐራም አያደርግም። በህልም ተነሥቶ ሚስትን መፍታት፣ ጎረቤትን መተተኛ ወይም ቡዳ ብሎ መክሰስ፣ «በህልሜ ተው ተባልኩ» ብሎ የሳንባ ነቀርሳ ወይም የስኳር መድኃኒት ማቋረጥ ከቶ አይፈቀድም። ህልም በማንም ላይ ምስክር አይሆንም። ያላየውን ህልም አየሁ የሚል ሰው በትንሣኤ ቀን ሁለት የገብስ ቅንጣቶችን እንዲቋጥር እንደሚገደድ፣ ሊቋጥራቸውም እንደማይችል ነቢያችን አስጠንቅቀዋል።

በገበያ በኢብኑ ሲሪን ስም የሚሸጥ የህልም መፍቻ መጽሐፍ ያላችሁም ጥቂት አስቡ። ኢብኑ ሲሪን በ110 ዓመተ ሂጅራ የሞቱ የበስራ ዓሊም ናቸው፤ በስማቸው የሚዞረው መጽሐፍ ግን ከእርሳቸው በኋላ ሌሎች ያጠናቀሩት ነው። ስለ እርሳቸው የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ሁለት ሰዎች በየተራ መጥተው አዛን ሲያደርጉ ማየታቸውን ቢነግሯቸው፣ ለአንዱ ሐጅ ታደርጋለህ፣ ለሌላው በስርቆት እጅህ ይቆረጣል አሉ ይባላል። ህልሙ አንድ፣ ሰዎቹ ግን የተለያዩ ናቸው። ታዲያ ያላሚውን ጠባይ የማያውቅ መጽሐፍ እንዴት ፍቺ ይሰጣል?

ዱካክ

አሁን ወደ ዱካክ እንምጣ። ሰውየው ይነቃል፤ ቤቱን ያያል፤ ነገር ግን እጁንም እግሩንም ማንቀሳቀስ ያቅተዋል። ደረቱ ላይ ከባድ ነገር የተቀመጠ ይመስለዋል። ሊጮህ ይሞክራል፤ ድምፁ አይወጣም። ጥቁር ጥላ ቆሞ ሊያይም ይችላል። ጥቂት ቆይቶ ይለቀዋል።

ይህ የሆነው ምንድን ነው? ቀደም ብዬ ያዙልኝ ያልኳችሁን አስታውሱ። በህልም እንቅልፍ ጊዜ ጡንቻ ይዝላል። አንዳንዴ አእምሮ ቀድሞ ይነቃና ሰውነት ከዝለቱ ሳይወጣ ይቀራል። ዓይን ክፍት ነው፣ ህልሙ ግን ገና አላለቀም። ስለዚህ ያለው ቤትና የሌለው ጥላ ይደባለቃሉ። ብዙውን ጊዜ ከሰኮንዶች እስከ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይቆያል፤ በራሱም ሰው አይገድልም። የሚደጋገመው እንቅልፍ በጎደለው፣ የመኝታ ሰዓቱ በተዘበራረቀ፣ በተጨነቀና በጀርባው በሚተኛ ሰው ላይ ነው።

ይህ የፈረንጅ ትምህርት ብቻ ነው የሚል ቢኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1037 የሞተው ሙስሊሙ ሐኪም ኢብኑ ሲና በአል-ቃኑን መጽሐፉ ካቡስ በሚል ስም ይህንኑ ገልጾታል። ከባድ ነገር እንደሚጫን፣ ድምፅና እንቅስቃሴ እንደሚያግድ ከጻፈ በኋላ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሕመሞች ጋር መድቦታል። እኛ በጂን መኖር እናምናለን፤ በመኝታ ጊዜ ዱዓና ዚክር ማድረግም ሱናችን ነው። ነገር ግን ሌሊት የተጫነንን ሁሉ ጂን ነው ማለት የሃይማኖት ግዴታ አይደለም። ዱካክ ሲመጣ አትታገሉት። በልባችሁ አላህን አውሱ፣ ትንፋሻችሁን በዝግታ ሳቡ፣ አንዲት ጣት ብቻ ለማንቀሳቀስ ሞክሩ። ይለቃችኋል ኢንሻአላህ። ከዚያ በቀኝ ጎናችሁ ተኙ፤ እርሱም ሱና ነው።

ስለ ዱካክ ከተነሣ ጫትን መዝለል አይቻልም። «ካልቃምኩ ዱካክ ይመጣብኛል» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ እንሰማለን። የሚናገረው ስሜት እውነት ነው፤ ምክንያቱን ግን ገልብጦታል። በለጋ የጫት ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባል አንጎልን የሚያነቃ ንጥረ ነገር አለ። ለዓመታት የቃመ ሰው አንጎል ይህን ይለምዳል። ባቋረጠ ጊዜ ታፍኖ የቆየው የህልም እንቅልፍ ተግተልትሎ ይመጣል፤ በዚያን ሰዓት መታነቅ፣ መሳደድ፣ መጫን ያልማል። መልሶ ሲቅም ይተወዋል፤ እርሱም ጫቱ ዱካክን ያባረረለት ይመስለዋል። እንግዲህ ዱካኩን ያመጣው ጫቱ ራሱ መሆኑን ይወቅ። ጥቂት ሌሊቶችን ታግሦ ቢያልፍ እየቀነሰ ይሄዳል። ቤተሰቡም በዚያ ጊዜ ሊሰድበው ሳይሆን ሊያበረታው ይገባል።

ትኩሳትና ቅዠት በፎገራ ሜዳ

እናቶች ይህን ክፍል አደራ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። ትንንሽ ልጆች ከተኙ አንድ ወይም ሁለት ሰዓት በኋላ ድንገት ጮኸው ሊነሡ፣ ዓይናቸው ተገልጦ እናታቸውን ላያውቁ ይችላሉ። ጥቂት ደቂቃ ቆይተው መልሰው ይተኛሉ፤ ጠዋት አያስታውሱትም። ልጁ ጤነኛ ከሆነ ይህ ከዕድሜ ጋር የሚያልፍ ነው። አታናውጡት፣ ውኃ አትርጩበት፤ እንዳይወድቅ ብቻ ጠብቁት። ሌሊት የሚሸናንም ሕፃን አትምቱት፤ አውቆ አያደርገውም።

ነገር ግን የሚቃዥ ሰው ስታገኙ፣ ልጅም ይሁን አዋቂ፣ መጀመሪያ ግንባሩን ዳብሱ። ትኩሳት ካለው ነገሩ ሌላ ነው። የምንኖረው በጣና ዳር፣ ውኃ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ነው። ወባ በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይበረታል። ከባዱ የወባ ዓይነት አንጎልን ሲይዝ በሽተኛው ይቀባጥራል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ ራሱን ይስታል። «ጂን ያዘው» ተብሎ ቤት ውስጥ ሲቀራበት አንድ ቀን ቢያድር ሊሞት ይችላል። ቁርኣን መቅራት መልካም ነው፤ እየቀራችሁ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ነቢያችን ታከሙ ብለው አዘዋል እንጂ ከሁለቱ አንዱን ምረጡ አላሉም። ደንቢያ ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1953 የደረሰው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሰው ፈጅቶ፣ በማግሥቱ ዓመት የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እንዲቋቋም አንዱ ምክንያት ሆኗል። የጎረቤታችንን መከራ ረስተን ያንኑ መድገም አይገባንም።

አጎበር ሥር መተኛት የእንቅልፍም የሕይወትም ጥበቃ ነው። በተለይ ሩዝ ታጭዶ አውድማ ላይ ሲከመር ክምሩን ለመጠበቅ ውጪ የምታድሩ ወንድሞች አጎበሩን ቤት አትተዉት፤ ከአራት ችካል ላይ ይታሰራል። ቤት ውስጥ ደግሞ የከሰል ምድጃ እያለ በር ዘግታችሁ አትተኙ። ጢሱ ባይታይም መርዝ አለው። ከመኝታ በፊት እሳት እንዲጠፋ ያዘዘን ሱናችን ነው።

እንቅልፍ እምቢ ሲል

እንቅልፍ የሚነሡን ነገሮች ብዙ ጊዜ በእጃችን ያሉ ናቸው። አንዱ ቡና ነው። ከመግሪብ በኋላ አቦል፣ ቶና፣ በረካ የጠጣ ሰው ከ5 ሰዓት በኋላ እንኳ የቡናው ኃይል ግማሽ ያህሉ በደሙ ውስጥ አለ። ስለዚህ ቡናችሁን ከዐስር በፊት ብታደርጉት ይሻላል። ሁለተኛው ሞባይል ነው፤ ብርሃኑም ወሬውም ዓይንን ይገልጣል። ሦስተኛው ሐሳብ ነው፤ ዕዳ፣ የወሰን ክርክር፣ የልጅ ነገር።

ውዱእ አድርጋችሁ፣ ፍራሻችሁን አራግፋችሁ፣ በአንድ ሰዓት መተኛትና በአንድ ሰዓት መነሣትን ልመዱ። 20 ደቂቃ ያህል ተኝታችሁ እንቅልፍ ካልመጣ አትገላበጡ፤ ተነሥታችሁ ዚክር አድርጉ፣ ሲከብዳችሁ ተመለሱ። የቀትር እረፍት፣ ማለትም ቀይሉላ፣ ሱና ነው፤ ነገር ግን ግማሽ ሰዓት ይብቃው። በሳምንት ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ለወራት እንቅልፍ ያጣ፣ ወይም ሌሊት 8 ሰዓት እየነቃ ዓለም የሚጨልምበት ሰው ሐኪም ይይ። በደብረ ታቦር፣ በባሕር ዳርና በጎንደር ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። የእንቅልፍ ክኒን ያለ ሐኪም ትእዛዝ አትግዙ።

ለዒባዳ ብሎ እንቅልፍን ጨርሶ መንሳትም አይወደድም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በመስጊዱ ሁለት ምሰሶዎች መካከል የታሰረ ገመድ አይተው ጠየቁ። ዘይነብ (ረ.ዐ.) በሌሊት ሶላት ሲደክማቸው የሚይዙት መሆኑ ሲነገራቸው እንዲፈታ አዘዙ፤ ሰው በንቃት እያለ እንዲሰግድ፣ ሲደክመው እንዲያርፍ አስተማሩ።

እንቅልፍ ሲያሸንፍ

ሌሊት አጥብቆ የሚያንኮራፋ፣ መሐል ላይ ትንፋሹ ቆም ብሎ እንደሚታነቅ ሰው የሚባንን፣ ቀን ደግሞ የትም ሲያንጎላጅ የሚውል ሰው ካለ አትሳቁበት። የጉሮሮው መተላለፊያ በእንቅልፍ ጊዜ እየተዘጋ ሊሆን ይችላል። የደም ግፊትንም ያስከትላልና ይታይ።

ወረታ የባሕር ዳር፣ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገዶች መገናኛ ናት። ሾፌሮች ወንድሞቻችንን ይህን እነግራቸዋለሁ። 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው እጁም ዓይኑም መጠጥ እንደቀመሰ ሰው ይዘገያል። በሕይወቱ አስካሪ ነገር ያልቀመሰ ሙስሊም በእንቅልፍ ማጣት እንደ ሰካራም እየነዳ የሰው ነፍስ ቢያጠፋ ምን ይመልሳል? ዓይናችሁ ሲከብድ መኪናውን አቁሙ፤ ጥቂት ተኙ።

ለሱብሒ መንቃት አቅቷቸው የሚያዝኑም አሉ። ከኸይበር መልስ በነበረ ጉዞ ጎህ ሲቀድ እንዲቀሰቅሱ የተመደቡት ያው ቢላል ነበሩ። ግመላቸውን ተደግፈው ሳሉ እንቅልፍ አሸነፋቸው፤ ሠራዊቱን ሁሉ የቀሰቀሰው የፀሐይ ሙቀት ሆነ። ነቢያችን አልረገሟቸውም፤ ሶላቱ በጀመዓ ተሰገደ። ተኝቶ ሶላት ያለፈው ሰው ሲነቃ ይስገድ የሚለው ሥርዓትም ጸና። ይህ ግን ጥሮ ላልቻለ ሰው ነው፤ እስከ እኩለ ሌሊት በወሬ አምሽቶ ለሚያሳልፈው ማመካኛ አይሆንም።

ወንድሞችና እህቶች! «ህልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም» ይላሉ አባቶቻችን። መልካም ብታዩ አመስግኑ። ክፉ ብታዩ በአላህ ተጠበቁና ዝም በሉ። ሐሳብ ቢያስጨንቃችሁ ተመካከሩ። ሰውነት ቢታመም ታከሙ። ዛሬ ማታ እቤታችሁ ስትገቡ ልጆቻችሁ አጎበር ሥር መተኛታቸውን አይታችሁ ተኙ።

አላህ ሌሊታችንን እረፍት፣ ህልማችንን ብሥራት፣ ንጋታችንን በረካ ያድርግልን። ለበሽተኞቻችን ሺፋእ፣ ለአገራችን ሰላም ይስጥልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።